አንዲት ቁልፍ ለመጫን ጅማ ድረስ

ስልኬ የጮኸው ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ደዋይዋ ጅማ ያለችው የሂሳብ ሠራተኛ ናት።

«ሲስተሙ ስታክ አድርጓል» አለችኝ። «የዕቃ ማውጫ አይታተምም። ሁለት አይሱዙ በር ላይ ቆመዋል። ሐጂም ተቆጥተዋል።»

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ሰርቨሩ ጅማ። በመካከላችን 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ የግቤ ቁልቁለትና የሐምሌ ዝናብ አለ።

ሥራዬ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ኔትወርክና ሰርቨር መትከል ነው። ይሄኛው ደንበኛዬ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ነው፤ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ቆርቆሮ። ባለቤቱን ሁላችንም «ሐጂ» ነው የምንላቸው። ሰርቨር እያልኩ የማሞጋግሰው ደግሞ በሂሳብ ክፍሉ ጥግ የተቀመጠ ተራ ኮምፒውተር ነው። እንደ ዊንዶውስ ያለውን ኡቡንቱ ሊኑክስ ጫንኩበት፣ የሽያጩንና የመጋዘኑን መዝገብ አስገባሁበት። ከዚያ ሞኒተሩንና ኪቦርዱን ነቅዬ ለካሸሯ ሰጠኋት። «ከአሁን በኋላ አዲስ አበባ ሆኜ ነው የማስተዳድረው» ብዬ ሐጂ ፊት ትንሽ ሳልኮራ አልቀረሁም። የዚያን ኩራት ዋጋ ነው እንግዲህ የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ፒንግ አደረግኩት፤ በኔትወርክ «አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መለሰ። «አለ፣ ቀላል ነገር ነው» አልኩ። የመጀመሪያ ስህተቴ ይሄ ነው። ፒንግ መለሰ ማለት ኮምፒውተሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ለፒንግ መልስ የሚሰጠው ከርነሉ፣ የሥርዓቱ እምብርት ራሱ ነው። ሌሎቹ ፕሮግራሞች በሙሉ ታንቀው እንኳ እሱ መመለሱን አይተውም። ራሱን የሳተ ሰው ትንፋሽ እንዳለው ማለት ነው። ይተነፍሳል፣ ቢጠሩት ግን አይሰማም።

ቀጥዬ በኤስኤስኤች፣ ከሩቅ ገብቼ ትእዛዝ በምጽፍበት መስመር፣ ልገባ ሞከርኩ። የይለፍ ቃል እንኳ ሳይጠይቀኝ ቀጥ አለ። ሌላ መስኮት ከፈትኩ። እሱም ቀጥ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ እንዲህ እያልኩ ሰባት ደረስኩ። በኋላ እንደገባኝ ማሽኑ ራሙ (የሥራ ማህደረ ትውስታው) አልቆበት ሃርድ ዲስኩን እንደ ራም እየተጠቀመ ይንፈራገጥ ነበር። እኔ የምከፍተው እያንዳንዱ መስኮት ለሱ ሌላ ሸክም ነው። በሚሰምጥ ሰው አንገት ላይ እንደ መንጠልጠል ነው።

እናንተ እዚህ ላይ ስትደርሱ አንድ መስኮት ብቻ ክፈቱና እጃችሁን ሰብስቡ። ቡና ጠጡ። አሥር ደቂቃ ታገሡ። ሊኑክስ ራም ሲያልቅበት አብዛኛውን የበላውን ፕሮግራም መርጦ የሚገድልበት ዘዴ አለው። ዘዴው ዘገምተኛ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ በሩም ይከፈታል።

ከሰባቱ መስኮቶች አንዱ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተከፈተልኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ጣቴ እየተጣደፈ «ሪቡት» ጻፍኩና ኢንተር አልኩ። ትልቁን ስህተት የሠራሁት ያኔ ነው።

ተራው ሪቡት ጨዋ ትእዛዝ ነው። አገልግሎቶቹን አንድ በአንድ «ሥራህን ጨርስና ውጣ» እያለ ያሰናብታል። ሲያሰናብት እኔ የገባሁበትን በር፣ ኤስኤስኤችን፣ ቀድሞ ዘጋው። ከዚያ ዲስኩ ላይ ተጣብቆ የቀረ አንድ ፕሮግራም ጋ ደረሰ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም በልመናም በጉልበትም አይወጣም። ማሽኑ አልጠፋም፣ አልተነሳም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ፒንግ አሁንም ይመልሳል። መግቢያው ግን «አልቀበልም» እያለ ይመልሰኛል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ከውጭ የዘጋ ሰው ሆንኩ።

የቀረኝ ስልክ ነው።

«እህቴ፣ የጥቁሩን ሳጥን ቁልፍ ተጭነሽ ያዥልኝ» አልኳት።

«እሺ» አለች። የትኛው ጥቁር ሳጥን ብላ አልጠየቀችም። እኔም አላሰብኩትም። ክፍሉ ውስጥ አራት ጥቁር ሳጥን አለ። እሷ ተጭና የያዘችው የዩፒኤሱን፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን ሳጥን፣ ቁልፍ ነው። ሰርቨሩ፣ ራውተሩ፣ ስዊቹ፣ ሁሉም ባንዴ ድርግም አለ።

በእርግጥ የደረቀው ማሽንም አብሮ ጠፍቷል። «ጎሽ፣ በይ አሁን መልሰሽ አብሪው» አልኳት። ራውተሩ ተመለሰ። ሰርቨሩ ዝም። ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ በሚነሳው ፕሮግራም፣ በባዮስ ውስጥ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ አለ። እኔ ነክቼው ስለማላውቅ ከፋብሪካ እንደመጣ «ጠፍቶ ይቆይ» ላይ ነው ያለው። በስንት መግለጫ የሰርቨሩን ቁልፍ አግኝታ ተጫነችው። ፋኑ ዞረ። አንዴ «ቲት» አለ። ከዚያ በኋላ ምንም። ፒንግ እንኳ የለም።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ሐጂ ስልኩን ተቀበሏት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ከፍ ቢያደርጉ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። ግን ማውጫ ካልወጣ መጋዘኑ ዕቃ አይለቅም። ዕቃ ካልወጣ ሾፌሮቹ እዚህ ያድራሉ። የአልጋቸውን የምከፍለው እኔ ነኝ።»

«ነገ እመጣለሁ፣ ሐጂ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተሳፈርኩ። ሰበታን፣ ወሊሶን፣ ወልቂጤን ሳልፍ የማስበው ስለ ሃርድ ዲስኩ ብቻ ነው። ተቃጥሎ ቢሆንስ? መዝገቡ ተበላሽቶ ቢሆንስ? ግቤ ላይ ጭጋግ ነበር፣ መኪናው ይንፏቀቃል። በዝናቡ ምክንያት መንገዱ 8 ሰዓት ፈጀ።

ደርሼ ሞኒተሩንና ኪቦርዱን ከካሸሯ ተዋስኩና ሰካሁ። ስክሪኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «ኪቦርድ አልተገኘም። ለመቀጠል ኤፍ 1 ይጫኑ።» ኪቦርድ በሌለበት ኪቦርድ ተጫን! ኪቦርዱን የነቀልኩት ማሽኑ እየሠራ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ ስላልተነሳ ያለ ኪቦርድ መነሳት እንደማይችል አላወቅኩም።

ኤፍ 1 ተጫንኩ። ሊኑክሱ መነሳት ጀመረና እንደገና ቆመ። 90 ሰከንድ ቆጠረ። ከዚያ «የአደጋ ጊዜ» በሚባለው ጥቁር ስክሪን ላይ ተቀምጦ የይለፍ ቃል ይጠብቅ ጀመር። ምክንያቱ? ከጥቂት ወራት በፊት መጠባበቂያ ቅጂ የሚቀመጥበት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ጨምሬ ነበር። ሲነሳ ይክፈተው ብዬ ዝርዝሩ ውስጥ ጽፌዋለሁ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ደግሞ «ሲግል አይቼ» ነቅላ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ማሽኑ የሌለውን ዲስክ እየጠበቀ ነው። ያንን አንድ መስመር አጠፋሁ። ተነሳ። መዝገቡ ሙሉ ነው።

ከመቀመጤ እስከ መነሳቴ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሐጂ በሩ ላይ ቆመው «ይኸው ነው?» አሉኝ። ይኸው ነው።

እሁድን እዚያው ዋልኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ ያቺ ኤፍ 1 እንቅልፍ ነሳችኝ። ማሽንን ከሩቅ የምታስነሱት በሚደርቅበት ቀን ሳይሆን አጠገቡ በነበራችሁበት ቀን እንደሆነ የገባኝ በዚያች እሁድ ነው። እናም አጠገቡ ሆኜ ማድረግ የነበረብኝን ሁሉ አንድ በአንድ አደረግኩ።

በባዮሱ ጀመርኩ። መብራት ሲመለስ «ሁልጊዜ ይነሳ» የሚለውን መረጥኩ። ስህተት ቢያገኝም ቆሞ ቁልፍ እንዳይጠብቅ አደረግኩት። ወደ ሊኑክሱ ስገባ ውጫዊ ዲስኩን መልሼ ጻፍኩት፤ አሁን ግን «ኖፌይል» የምትባል ቃል አከልኩበት። ትርጉሟ «ከሌለ እለፈው» ነው። ይህች ቃል ብትኖር ኖሮ ከሁለቱ ችግሮች አንዱ አይኖርም ነበር። ከርነሉ ራሱ ሲወድቅ የሚያደርገውንም አየሁ። ይህን የሚወስን ቁጥር አለ፤ ሳትነኩት 0 ነው፤ ይህም «ሰው እስኪመጣ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ» ማለት ነው። 10 አደረግኩት። አሁን ከ10 ሰከንድ በኋላ ራሱ ይነሳል።

ቀጥሎ ዋችዶጉ። ብዙ ኮምፒውተሮች ማዘርቦርዳቸው ላይ ለብቻው የሚቆጥር ትንሽ ሰዓት አላቸው፤ ብዙዎቻችን ግን መኖሩን አናውቅም። ሥርዓቱ በየጊዜው «አለሁ» ይለዋል፣ ሰዓቱም ከዜሮ ይጀምራል። «አለሁ» ካልተባለ ቆጠራው ያልቅና ማንንም ሳይጠይቅ ሪስታርት ያደርጋል። ማታ ማታ እየዞረ «አላችሁ?» የሚል ዘበኛ በሉት። የናሳዋ ፓዝፋይንደር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1997 ማርስ ላይ ካረፈች በኋላ ኮምፒውተሯ ደጋግሞ ራሱን ሪስታርት ያደርግ ነበር። ሪስታርት የሚያደርገው እንዲህ ያለ ዋችዶግ ነው። መሐንዲሶቹ ምድር ላይ ባለው ተመሳሳይ ማሽን ስህተቱን አገኙና ማስተካከያውን በሬዲዮ ላኩላት። እዚያ አውቶቡስ አይሄድም። እኔ ለጅማ ያላሰብኩትን እነሱ ለማርስ አስበውታል።

ዋችዶጉን ግን ከልክ በላይ አትመኑት። ዋናው ፕሮግራም ብቻ «አለሁ» እያለ ሌላው ሁሉ ታንቆ ሊቀር ይችላል። በሊኑክስ ራሱን ችሎ የሚጫን የዋችዶግ ፕሮግራም አለ፤ የራሙን መጠንና የማሽኑን ጫና ጭምር እያየ ይወስናል። እኔ እሱን መረጥኩ።

አሁን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝን ልንገራችሁ። እንደኔ ባንዱ መስኮት ከገባችሁና ማሽኑ እያጣጣረ ከሆነ ተራውን ሪቡት አትጠቀሙ። ሊኑክስ «ሲስአርኪው» የሚባል ቀጥታ ከከርነሉ ጋር የሚያነጋግር መንገድ አለው። በ«ፕሮክ» ማህደር ውስጥ «ሲስአርኪው-ትሪገር» የሚባል ፋይል አለ። አንድ ፊደል ስትጽፉበት ከርነሉ ወዲያው ይታዘዛል። ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ይበቃችኋል፤ ሦስቱም በትንሹ ነው የሚጻፉት። «ኤስ» ያልተጻፈውን ሁሉ ወደ ዲስክ ያወርዳል። «ዩ» ዲስኮቹን የሚነበቡ ብቻ፣ የማይጻፍባቸው ያደርጋል። «ቢ» ያለ ምንም ስንብት ማሽኑን ሪስታርት ያደርጋል። ቅደም ተከተሉን አትርሱ፦ ኤስ፣ ትንሽ ቆይታ፣ ዩ፣ ትንሽ ቆይታ፣ ቢ። በጥድፊያ ቢን ካስቀደማችሁ ገመዱን ከሶኬት ከመንቀል አይለይም።

ፊደሉን የምትጽፉበት «ኤኮ» የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ ትእዛዛችሁን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ የሼሉ፣ አካል ነው። ከዲስክ አዲስ ፕሮግራም መጫን አያስፈልገውም። ዲስኩ ታንቆ ሌላ ትእዛዝ ሁሉ እምቢ ሲል ኤኮ ይሠራል። አንድ ነገር ግን አለ፤ አስቀድማችሁ ሩት፣ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ፣ መሆን አለባችሁ። በእያንዳንዱ ትእዛዝ ፊት «ሱዶ» (ይህን በሩት ሥልጣን ፈጽም) ማለት እዚህ አይሆንም። ሱዶ ራሱ ከዲስክ የሚጫን ፕሮግራም ነው፣ በዚያ ላይ ፋይሉን የሚከፍተው የእናንተው ሼል ስለሆነ «አልፈቅድም» ይላችኋል።

ኪቦርድ አጠገብ ያለ ሰው ካለ ይህንኑ በቁልፍ ማድረግ ይችላል። አልትን ተጭኖ፣ «ፕሪንት ስክሪን» የሚለውንም አብሮ ይዞ፣ ሦስቱን ፊደሎች በየተራ መጫን ነው። ኡቡንቱ እንደመጣ እነዚህን ሦስቱን ይፈቅዳል።

ከጅማ በኋላ ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። ለሌላ ደንበኛ በስልክ የሚታዘዝ የዋይፋይ ሶኬት ገዛሁ። ማሽኑ ሲደርቅ ከአዲስ አበባ አጠፋዋለሁ፣ አበራዋለሁ። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ሶኬቱን ከማከፋፈያው ገመድ ፊት ሰካሁት፤ ሰርቨሩም ራውተሩም ማከፋፈያው ላይ ናቸው። አንድ ቀን ከሩቅ «አጥፋ» አልኩት። ጠፋ። «አብራ» ስለው ግን ማን ይስማኝ? ትእዛዙን የሚያደርስለት ራውተር አብሮ ጠፍቷል። የተቀመጥኩበትን ቅርንጫፍ ነው የቆረጥኩት።

ስለዚህ ሶኬቱ የሚያጠፋው ሰርቨሩን ብቻ ይሁን። ከዩፒኤስ በኋላ እንጂ በፊት አይሰካ፤ በፊት ከሰካችሁት የምታደርጉት ነገር ቢኖር ባትሪውን መጨረስ ነው። ባዮሱ «መብራት ሲመጣ ተነሳ» ካልተባለ ደግሞ ሶኬቱ ዋጋ የለውም። ላፕቶፕን ሰርቨር ላደረጋችሁም ይሄ ዘዴ አይሆንም፣ ባትሪ አለው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ሲም ካርድ የሚገባበትና በኤስኤምኤስ የሚታዘዘው ዓይነት ይሻላል። ለራውተሩ ብቻ ከሆነ በተለመደው የሰዓት ሶኬት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለሩብ ሰዓት ጠፍቶ እንዲበራ አድርጉት። ርካሽ ነው፣ ከብዙ ስልክ ገላግሎኛል።

አቅም ካለ ግን እውነተኛው መፍትሔ የሰርቨር ማሽን መግዛት ነው። ያገለገለም ቢሆን። ኤችፒ «አይሎ»፣ ዴል «አይድራክ» የሚሉት ነገር አላቸው። ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር በሉት። ዋናው ቢደርቅ፣ ቢጠፋም እንኳ፣ ገመዱ ሶኬት ላይ እስካለ እሱ ነቅቶ ይጠብቃል። የራሱ የኔትወርክ ቀዳዳና የራሱ አድራሻ አለው። ከዚያ ገብታችሁ ዋናውን ታጠፋላችሁ፣ ታበራላችሁ። ስክሪኑን ከሩቅ ማየት ተጨማሪ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ማጥፋትና ማብራቱ ግን ያለሱም ይሠራል። አዲስ ነገር አይደለም። ኢንቴል፣ ኤችፒ፣ ዴልና ኤንኢሲ አይፒኤምአይ የሚባለውን የጋራ ደንብ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የሚያበሳጨኝ እንዲህ ያለውን ማሽን ገዝተው ያንን ቀዳዳ ባዶ የሚተዉት ነገር ነው። አንድ ሜትር ገመድ!

ይህንን ቀዳዳ ግን በፍጹም ለኢንተርኔት ክፍት አታድርጉት። በብዙ የቆዩ የዴል ማሽኖች ላይ የፋብሪካው የተጠቃሚ ስም «ሩት»፣ የይለፍ ቃሉ «ካልቪን» ነው፤ ይህን የዓለም ሌባ ሁሉ ያውቀዋል። ቀይሩት። በቪፒኤን፣ ከኢንተርኔት በተከለለ የግል መስመር፣ ውስጥ ብቻ ይደረስበት።

ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ብዙ ስለሆናችሁ እሱንም ላንሳ። የሩቁን ማሽን ስክሪን የምታዩበት ሪሞት ዴስክቶፕ ጥቁር ስክሪን ብቻ ሲያሳያችሁ ኮንትሮል፣ አልትና ኤንድ አንድ ላይ ተጫኑ። ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊት ብትሉ የሚሰማችሁ የራሳችሁ ኮምፒውተር ነው፣ በኤንድ ግን ወዲያኛው ይደርሳል። እምቢ ካለ በዚያው ኔትወርክ ላይ ወዳለ ሌላ ኮምፒውተር ግቡ። የ«ሹትዳውን» ትእዛዝ የጎረቤቱን ማሽን ስም ተቀብሎ ሪስታርት ማድረግ ይችላል፤ በዚያኛው ላይ የአስተዳዳሪ መብት ይኑራችሁ እንጂ። ስትጽፉ ፊደሏን ሁለቴ እዩ። «አር» ሪስታርት ነው፣ «ኤስ» ማጥፋት ነው። በኤስ ምክንያት ከሩቅ ያጠፋሁትን ማሽን ለማስነሳት ቅዳሜ ማታ የጥበቃ ሠራተኛ ለምኜ አውቃለሁ።

«ዌክ ኦን ላን አለ አይደል?» የሚለኝም አይጠፋም። እሱ የጠፋን ማሽን ይቀሰቅሳል እንጂ የደረቀን አይነካም። ማሽኑ በርቶ ደርቆ ሳለ ቀስቅሰው ብትሉት ነቅቷል እኮ!

ሌላ የተማርኩት ፋየርዎል፣ በኔትወርክ የሚገባውን የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን አጥር፣ ስነካ ነው። አንድ ጊዜ አንድ መስመር አሳስቼ ራሴን ከውጭ ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ ፋየርዎል ከመንካቴ በፊት «ከ10 ደቂቃ በኋላ ሪስታርት አድርግ» ብዬ አዝዛለሁ። ለውጡን ለጊዜው ብቻ አደርገዋለሁ እንጂ በቋሚነት አላስቀምጠውም። ከተሳካ ቀጠሮውን እሰርዛለሁ። ካልተሳካ ማሽኑ ራሱ ተነስቶ ወደ ድሮው ይመለሳል፣ እኔም ቡናዬን እየጠጣሁ እጠብቀዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ጋር የሰውን ጉዳይ አትናቁት። ጅማ በዋልኩባት እሁድ የሠራሁት ጠቃሚ ሥራ ምናልባት ስቲከሮቹ ናቸው። በየሳጥኑ ላይ በትልቁ በአማርኛ ጻፍኩ፦ «ሰርቨር»፣ «ራውተር»፣ «ዩፒኤስ፣ አይነካም»። ውጫዊ ዲስኩ ላይ «ይግላል፣ አይነቀልም» ብዬ ለጠፍኩ። የሂሳብ ሠራተኛዋ አይታው ሳቀች፣ «እኔን ነው?» አለች። የሰርቨሩን ቁልፍ በቀይ ፕላስተር ከበብኩት። አብረን ተለማመድን፦ መጀመሪያ አንዴ ብቻ ነካ አድርጎ መልቀቅ፣ ይህ በጨዋ ደንብ እንዲጠፋ መጠየቅ ነው። ሁለት ደቂቃ መጠበቅ። ካልሆነ ብቻ ተጭኖ መያዝ፤ ከ4 ሰከንድ በላይ ሲያዝ ማሽኑ በግድ ይጠፋል። እስከ አሥር ቁጠሪ አልኳት። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ማብራት። የሳጥኖቹን ፎቶም በቴሌግራም አስቀምጫለሁ። አሁን «ከግራ ሁለተኛው» ስላት እኩል ነው የምናየው።

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት ሐጂን አስፈቅጄ ገመዱን ከሶኬት ነቀልኩት። ኪቦርድ የለም፣ ሞኒተር የለም፣ ውጫዊ ዲስኩም ተነቅሏል። መልሼ ሰካሁትና ውጭ ወጥቼ በስልኬ ጠበቅኩ። በ2 ደቂቃ ውስጥ ፒንግ መለሰ፣ በኤስኤስኤችም ገባሁ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ይህንን ሙከራ ሳታደርጉ ከማንም ደንበኛ ቤት አትውጡ።

የመጀመሪያውን ድርቀት ያመጣው ምን እንደሆነም ያገኘሁት ያኔ ነው። ማሽኑ የሆነበትን ሁሉ የሚጽፍበትን የዓርቡን መዝገብ (ሎግ) ሳነብ የወር መጨረሻ ሪፖርት የሚያወጣው ፕሮግራም ራሙን በሙሉ እንደዋጠው አየሁ። ጣሪያ አበጀሁለት። ሪስታርት ማድረግ በሽታውን አያድንም፤ ያላነበባችሁት መዝገብ ነገ መልሶ ይደውልላችኋል።

ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ደብረ ብርሃን ልቅሶ ላይ ነበርኩ። አጎቴ አርፎ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ስልኬ ተንቀጠቀጠ፤ ጅማ። ወጣ ብዬ አነሳሁት። «ስታክ አድርጓል» አለችኝ፣ ከዚያ ፈጥና «ምንም አልነካሁም» ጨመረችበት።

ላፕቶፕ አልያዝኩም። ስልኬ ላይ ባለው ኤስኤስኤች አንድ መስኮት ብቻ ከፈትኩ። ኪሴ ከትቼው ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ። ንፍሮ ሲዞር ዘግኜ ተቀመጥኩ። ስድስት ደቂቃ ያህል ቆይቼ ሳየው ሩት ሆኜ ገብቻለሁ። ኤስ ጻፍኩ። ቆየሁ። ዩ። ቆየሁ። ቢ ስል መስመሩ ቻው እንኳ ሳይል ተቆረጠ። ልቤ ግን ያኔም ደነገጠ፣ አልዋሽም። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ፒንግ መለሰ። «ተመልሷል» የሚል መልእክት ከሂሳብ ክፍሉ ደረሰኝ። ራም የበላው አዲስ የተጫነ ሌላ ፕሮግራም ነበር፤ እሱንም በማግስቱ ጣሪያ አበጀሁለት።

ማታ ሐጂ ደወሉ። አነሳሁና ገና ሰላም ሳይሉኝ «ሐጂ፣ ኮምፒውተሩ እኮ ተስተካክሏል» አልኳቸው።

«የምን ኮምፒውተር?» አሉኝ። «የአጎትህን ሰምቼ ነው የደወልኩት። አላህ ያጽናችሁ።»